ስልኩ ያውልሽ

«ሦስተኛውም መጣ» አሉ ሐጂ ሙስዓብ። «የሒክማ ስም ነው ያለበት። ከእንግዲህ ይዤው መቆየት አልችልም፤ እንቅልፍ ነሥቶኛል።»

«ነገ ከሱብሒ ሶላት በኋላ ይሁን» አለ አባቷ ዐብዱረሕማን ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «የእንፍራንዝ ዘመዶቻችንም ዛሬ ይገባሉ። እስከዚያ ከሁለታችን አይውጣ።»

ሒክማ ይህን የሰማችው ግቢው ውስጥ ቧንቧ ሥር ቁጢጥ ብላ፣ እንደ ልማዷ ዘግይታ ውዱእ ስታደርግ ነው። ሁለቱ ወንድማማቾች ከመስጊድ ተመልሰው ሳሎን ገብተዋል። የሳሎኑ መስኮት መስታወቱ ከተሰበረና በካርቶን ከተደፈነ ሁለት ዓመቱ ነው፤ ካርቶን ደግሞ ምሥጢር አይይዝም። ውሃው እግሯ ላይ እየፈሰሰ እንዳለች ቀረች። ሦስት! አንዲት ደብዳቤ ስትጠብቅ ወራት ሙሉ ጥፍሯን ስትበላ ከርማለች። በየሳምንቱ አጎቷ ሱቅ እየሄደች «ሐጂ፣ በስሜ የመጣ ነገር የለም?» ስትል፣ እሳቸው ጢማቸውን እያሻሹ «የለም ልጄ፣ ቢመጣ የት ይጠፋል» ይሏት ነበር። ሁለት ጊዜ መካ የረገጡ ሰው! በአዲስ ዓለም ሰፈር በሚዛን አያጭበረብሩም፣ ቃል አያጥፉም የሚባልላቸው ሐጂ፣ የገዛ ወንድማቸውን ልጅ ዓይኗን እያዩ ዋሽተዋታል። ሶላቷንም ስንት ረከዓ እንደ ሰገደች ሳታውቅ ጨረሰች።

የፖስታ ሣጥኑ በስም የሐጂ ይሁን እንጂ የዘመድ አዝማዱ ሁሉ ነው። አያቷ ከሱዳን ጨርቅ በሚያስመጡበት ዘመን የተከራዩት ነው፤ እሳቸው ሲሞቱ ቁልፉ ወደ ታላቁ ልጅ ወደ ሐጂ ሙስዓብ ተላለፈ። ከአርባ የማያንስ ሰው በዚያ አንድ ቁጥር ይጻጻፍ ነበር፤ ስልክ ከገባ ወዲህ የሚጻጻፍ የለም። ደንቡ ግን አልተለወጠም። የመጣ ደብዳቤ ሁሉ አስቀድሞ በሐጂ እጅ ያልፋል፤ ለባለቤቱ መቼና እንዴት እንደሚሰጥ የሚቆርጡትም እሳቸው ናቸው። ማስታወቂያ የሚሰቅልላት አንድ የውጭ ድርጅት አድራሻሽን ሙዪ ሲላት ሒክማ ከዚህ ሌላ የምትጽፈው ቁጥር አልነበራትም።

ምክንያቱም ሒክማ ድረ ገጽ አላት። ይህን ከቤተ ሰቡ ማንም አያውቅም። ከቴክኒክና ሙያ ተመርቃ ሁለት ዓመት ሙሉ የማስታወቂያ ሰሌዳ ስትሳለም ከርማ፣ አንድ ቀን ኢንተርኔት ቤት ቁጭ ብላ ሳለች አንድ ግብጻዊ ወጣት በዐረብኛ የጻፈውን አገኘች፤ «ያለ ምንም ገንዘብ ድረ ገጽ ክፈት፣ ሰው ሲበዛልህ ማስታወቂያ ይሰቅሉልሃል፣ በማስታወቂያው ይከፍሉሃል» ይላል። ዐረብኛውን ከመድረሳና ከሳተላይት ድራማ ለቃቅማለች። ምን ልጻፍ ብላ ስትጨነቅ ሐሳቡን የሰጠቻት ጅዳ ለሰው ቤት ሥራ የሄደችው ታላቅ እኅቷ ፈህሚያ ናት፤ ሳታስበው። «እመቤቴ አሥር ቃል አማርኛ ብታውቅ ግማሽ ድካሜ በቀረልኝ» አለቻት በስልክ፣ እየሳቀች። ሒክማ በሳምንቱ «አማርኛ ለቤትሽ» የሚል ድረ ገጽ ከፈተች፤ አበሻ ሠራተኛ ላላቸው የዐረብ እመቤቶች። ትርጉሙን በዐረብኛ፣ አማርኛውንም በዐረብኛ ፊደል ትጽፈዋለች፤ እመቤቲቱ ምኑንም ባታውቀው እያነበበች ጮክ ብላ እንድትለው። «ውሃ አምጪ»፣ «ልጁ ተኝቷል»፣ «ራስሽን ያምሻል?»፣ «ጎበዝ»። መጀመሪያ በቀን ሦስት ሰው መጣ፤ ሁለቱ እሷው ነበረች። በዓመቱ ግን ከሪያድም ከኩዌትም በቀን መቶና ሁለት መቶ እመቤት ይጎበኛት ጀመር። ማስታወቂያው ተሰቀለ፤ ሳንቲሙ ጠብ ጠብ አለ። ድርጅቱ ታዲያ ገንዘብ ከመላኩ በፊት ሴትዮዋ በእርግጥ መኖሯን ማወቅ ይፈልጋል። ለዚህም ስድስት ቁጥር ያለበት ደብዳቤ በፖስታ ይልካል፤ መልስ ካጣ ይደግማል፤ ቁጥሩን ድረ ገጹ ላይ ካልሞላች ማስታወቂያው ይነሣል። ቀነ ገደቡ ነገ ነው፤ በእነሱ እኩለ ሌሊት፣ በጎንደር ሰዓት ደግሞ ከጠዋቱ አራት ሰዓት። አራት ሰዓት ካለፈ የአሥራ አራት ወር ልፋቷ አፈር በላ ማለት ነው። ያን ጊዜ ደግሞ ሣጥን ውስጥ ያስቀመጠችው አዲሱ ፓስፖርት አለ። ወደ ዐረብ አገር የሚልካት ደላላ ከሁለት ወር ጀምሮ «ዝግጁ ነሽ?» እያለ ይደውላል፤ የአባቷ ሱቅ ከሞላ ጎደል ባዶ መደርደሪያ ነው። ከደብዳቤው ሌላ «አልሄድም» የምትልበት አንድም ምክንያት የላትም።

ቁርስ ላይ አባቷ ያለ ወትሮው ሻዩን ራሱ ቀድቶ ሰጣት። ዐብዱረሕማን በዕድሜው ለሰው ሻይ ቀድቶ አያውቅም፤ ግማሹ ሰሐን ላይ ፈሰሰ። «እንቅልፍ ወሰደሽ?» አላት። «ዛሬ ሱቅ አትምጪ፣ እረፊ።» ዓይኗን ግን አላያትም። እናቷ ሐዲጃ ከጓዳ ብቅ ብላ «ፈህሚያ መቼ ነው የደወለችልህ ያልከኝ?» ስትለው፣ ዳቦውን እየቆረሰ «ባለፈው ሳምንት፣ በሱቁ ስልክ። ደህና ናት፤ ሰላም በሉልኝ ብላለች» አለ። ሐዲጃ «እኔ ቤት ስኖር የማትደውል ምቀኛ!» ብላ ሳቀችና ወደ ሥራዋ ተመለሰች። ሒክማ ይህን ሰምታ እንዳልሰማች ነው፤ ሐሳቧ ሁሉ ደብዳቤው ላይ ነው። አውቀውብኛል፣ አለች በልቧ። ከውጭ በሦስት ወር ሦስት ጊዜ የሚጽፍልኝ ወንድ አለ ብለው ዘመድ ሰብስበው ሊፈርዱብኝ ነው። ዝምታውም ሻዩም የዚያ መሆን አለበት።

ፒያሳ ድረስ በባጃጅ ሄደች፤ ሁለት ብር። ፖስታ ቤቱ ጣሊያን የሠራው ወፍራም ግንብ ነው፤ ውስጡ በበጋም ይበርዳል። አቶ አስማረ የሚባሉት ሠራተኛ ከመስኮቱ ኋላ ሹራብ ደራርበው ተቀምጠዋል። «በሐጂ ሙስዓብ ሣጥን በስሜ የመጣ ካለ…» ስትል አላስጨረሷትም። «ሦስት ገብቷል የኔ ልጅ። የመጨረሻው ሰኞ ለት። ነጭ ነው፣ ዳርና ዳሩ የሚቀደድ፤ ቴምብር የለው፣ ማኅተም ብቻ። ሐጂ ራሳቸው ናቸው የወሰዱት።» ትንሽ ቆዩና «ምነው፣ ደህና አይደለም እንዴ? ሐጂም ሲቀበሉ እጃቸው ይንቀጠቀጥ ነበር» አሉ። ሒክማ «ደህና ነው» ብላ ወጣች። የሚንቀጠቀጥ እጅ! ውሸት እጅ ያንቀጠቅጣል፣ አለች፤ ቁልቁለቱን ወደ ቅዳሜ ገበያ ስትወርድ እግሯ ከሐሳቧ እየቀደመ ሁለት ጊዜ ተደናቀፈች።

የአጎቷ ሱቅ ከላይ እስከ ታች ጨርቅ ነው፤ ጀለቢያው፣ ሻሹ፣ ምንጣፉ፣ በጥቅል የቆመው ከፋይ። እንደ ወትሮው «ምን ልታዘዝ» ብለው ይቀልዱባታል ብላ ነበር፤ ሐጂ ግን ሲያዩዋት ተነሡ። ለልጅ ተነሡ! ወንበራቸውን ለቀውላት እሳቸው ጥቅል ጨርቅ ላይ ተቀመጡ፤ ከፊት ለፊቱ ሻይ ቤት ሻይ አስመጡ፤ ስኳሩን ሁለት ጊዜ ጨመሩላት። መንገድ ላይ አንድ ሰውዬ በግ እየጎተተ ስምንት መቶ ብር እያለ ያልፋል፤ ሌላው ስድስት መቶ ሃምሳ እያለ ይከተለዋል፤ ክርክሩ ርቆ እስኪጠፋ ድረስ ሁለቱም ያንን ሰሙ። የሐጂ ቀኝ እጅ በየጊዜው ወደ ኮታቸው የውስጥ ኪስ እየሄደ ይመለሳል። አንድ ጊዜ ኮቱ ገለጥ ሲል የነጭ ወረቀት ጫፍ አየች። ከእጇ የሚርቀው ስንዝር ያህል ነው። ዘልዬ ብነጥቃቸውስ አለች፤ ደግሞም አፈረች።

«ሐጂ፣ በስሜ የመጣ ነገር የለም?»

ሐጂ ቀና ብለው አዩዋት። ዓይናቸው ቀልቷል። «ነገ እንነጋገራለን ልጄ።»

«ምነው ዛሬ ቢሆን? የእኔ ከሆነ ለእኔ አይሰጡኝም?»

«ሁሉም ሰዓት አለው። አንቺን ብቻ አይደለም የሚመለከተው።» ተነሥተው ከመደርደሪያው አንድ ጥቁር ሻሽ አወረዱ፤ ዋጋውን ሳይናገሩ፣ ላስቲኩንም ሳያወልቁ ጭኗ ላይ አኖሩላት። «ይኸ ይኑርሽ፤ ያስፈልግሽ ይሆናል።»

ሒክማ ፊቷ ጋለ። ተሸፈኚ ማለታቸው ነው፤ ሰው ሊሰድቡ ጨርቅ ይሰጣሉ! ሻዩን ሳትጨርስ ወጣች።

በበላቸው ኢንተርኔት ቤት አምስት ኮምፒዩተር አለ፤ ሦስቱ ይሠራሉ፤ የአንዱ ቁልፎች ላይ ያለው የእንግሊዝኛ ፊደል ተፍቆ አልቋል። ሒክማ ሁልጊዜ የምትቀመጠው እሱ ላይ ነው፤ ዐረብኛ ለሚጽፍ ሰው ስለማያስቸግር በላቸው በደቂቃ አምስት ሳንቲም ቀንሶላታል። ገጿን ከፈተች። ቀይ ጽሑፉ እዚያው ነው፦ አድራሻሽን እስከ ነገ አረጋግጪ። ከሥሩ ደግሞ በብዛት የተነበቡ ገጾች ተደርድረዋል። ከሁሉ በላይ ያለው፣ ሰሞኑን ሁልጊዜ ከሁሉ በላይ ያለው፣ «ስልክሽን ስጪኝ» ነው። ያንን ገጽ በፈቃዷ አልጻፈችውም። ከሦስት ወር ከምናምን በፊት አንዲት እመቤት ጠየቀቻት፤ ቀጥላ ሌላዋ፣ ከዚያ አሥር ሆኑ፦ ሠራተኛዬ ስልክ ታበዛለች፣ «ስልክሽን ስጪኝ» በአማርኛ እንዴት ነው? ሒክማ አንድ ቀን አመነታች። በማግሥቱ ጻፈችው። ጎብኚዋ በሳምንት ውስጥ እጥፍ ሆነ፤ የጠቡት ሳንቲሞች ግማሹ የዚያ ገጽ ናቸው። ቃል ነው እንጂ ምን አደረግሁ፣ እያለች ከዚያ ወዲህ በላዩ ታልፈዋለች፤ ዛሬም በላዩ አለፈችው።

ቤት ስትመለስ የእንፍራንዝ አክስቶቿ ገብተዋል። መጀመሪያ ሁለቱ መጡ፣ ቆይታ ሦስተኛዋ ደረሰች፤ ምክንያታቸው ግን አይገጥምም። አንዷ ሐኪም ልታይ ነው አለች፣ አንዷ ጤፍ ልሸጥ፣ አንዷ ደግሞ ናፍቃችሁኝ ነው ብላ ወለሉን ታያለች። ሐዲጃ ግን ደስታው አቅሏን አስቷታል። ሒክማን ጓዳ ጠርታ ጆሮዋ ላይ «ሽማግሌ ሊመጣ ነው! አባትሽ ደብቆኛል፤ እኔን ይደብቀኛል?» አለቻት። «ቆንጆ ነገር ነው፤ ሸጋ ሰው ባይሆን ይህ ሁሉ ዘመድ አይጠራም።» አረንጓዴ የበዓል ቀሚሷንም ከሣጥን አውጥታ በእጇ መዳፍ እየዳበሰች ሽብሽቡን ታቃናለች። ሒክማ ከጓዳው ወጣች። ለካ መፍረድ ብቻ አይደለም፤ በጥድፊያ ሊድሯት ነው። አክስቶቹ ከጎኗ ሲያልፉ ትከሻዋን መታ መታ ያደርጓታል። አንድ ቤት ሙሉ ሰው ተቀምጦ የዕቃ ድምፅ ብቻ ሲሰማ ያ ቀን አመሸ፤ ሒክማም ስትገላበጥ አነጋች።

ከሱብሒ በኋላ ሳሎኑ ሞላ። ወንዶቹ በግድግዳው ዙሪያ፣ ሴቶቹ በር በሩ ላይ። ጎረቤቶችም ገብተዋል። ሐዲጃ አረንጓዴ ቀሚሷን ለብሳ ብቅ ስትል የሆነ ሰው «ያ ረቢ» አለ፤ ሁለት አክስቶች ከግራና ከቀኝ ተነሥተው ክንዷን ያዙ። ጥብቅ አድርገው ያዙ። ሒክማ ያን ጊዜ የአንዷን የእንፍራንዝ አክስቷን ነጠላ አየች፤ ተዘቅዝቋል። ሻሹ፣ ሻዩ፣ የሚንቀጠቀጠው እጅ፣ ሁሉም በአንድ ጊዜ ወደ ራሷ መጣ። ሽምግልና አይደለም። ፍርድም አይደለም። መርዶ ነው።

«ሐዲጃ» አሉ ሐጂ ሙስዓብ ተነሥተው። «የሰጠ አላህ ነው፣ የሚወስድም እሱ ነው። ፈህሚያ…» ሌላውን መናገር አልቻሉም። ከኮታቸው ውስጥ ሦስት ነጫጭ ደብዳቤ አወጡ። «መጀመሪያው ሲመጣ ስሕተት ይሆናል ብዬ ያዝሁት። ሁለተኛው መጣ። እኛ ሰፈር ዐረብ አገር የሞተችዋ ልጅ መርዶ ጊዜም እንዲህ ያለ ነጭ ወረቀት ነበር የመጣው። ሦስት ጊዜ የሚጻፈው ለሌላ ለምን ይሆናል? እኔ ዐረብኛ እንጂ የፈረንጅ ጽሑፍ አላነብም፤ ላዩ ላይ ያለውን ስም ፖስታ ቤት ነው የነገሩኝ። ለእኅቷ የጻፉ መሰለኝ፤ ውስጡን ለባዳ አስነብቤ ወሬው ከመንገድ እንዳይደርስሽ ብዬ…»

የሐዲጃ ጩኸት ግድግዳውን ሰነጠቀ። አክስቶቹ ወደ ታች ሲስቧት፣ ወንዶቹ ሲያለቅሱ፣ ሒክማ በሰው ጉልበት ላይ እየተረማመደች መሐል ገባች።

«ያቁሙ ሐጂ! የፈህሚያ አይደለም፤ የእኔ ነው! የእኔ ነው እኮ!» ደብዳቤዎቹን ከእጃቸው ነጠቀች፤ አሁን አላፈረችም። የአንዱን ዳርና ዳር ቀደደችው። «እዩት፤ ቁጥር ነው። ስድስት ቁጥር ብቻ። ሞት የለበትም።»

«የምን ቁጥር?» አለ አባቷ፣ ድምፁ የሌላ ሰው ይመስል።

በሠላሳ ሰው ፊት ነገረቻቸው። ድረ ገጹን፣ እመቤቶቹን፣ ማስታወቂያውን፣ ፓስፖርቱን ሳይቀር። ግማሹ ምን እንደምትል አልገባቸውም፤ ሞት አለመሆኑ ግን ሁሉም ገባቸው። ሐጂ ሙስዓብ ቆባቸውን አውልቀው ፊታቸውን ሸፈኑበትና ትከሻቸው ይንቀጠቀጥ ጀመር፤ ሳቅ ይሁን ልቅሶ አልለየም። «ሦስት ወር ገደለኝ ይኸ ቁጥር!» አሉ። አንዷ አክስት እልል አለች፤ ጎረቤቱ እየሳቀ እንባውን ጠረገ፤ ለለቅሶ የመጣው ቤት ሙሉ ሰው ተቃቀፈ። ሒክማም ሳቀች። ሰዓቷን አየች፤ ገና አንድ ሰዓት ተኩል ነው፤ ትደርሳለች።

ሐዲጃ አልሳቀችም። ቀሚሷ ጉልበቷ ላይ ተጨማድዶ ወለሉ ላይ እንደ ተቀመጠች ባሏን ቀና ብላ አየችው።

«ዐብዱ። ልጄ መቼ ነው የደወለችልህ?»

ዐብዱረሕማን የምንጣፉን ጠርዝ በጣቱ ይፈትላል።

«ሦስት ወር አልፏታል» አለ። «የእመቤቷም ቤት ስልክ አይነሣም። አንቺ እንዳትሰጊ ብዬ ነው።»

የተዘቀዘቀውን ነጠላ ስታቃና የነበረችው አክስት እጇ አየር ላይ ቀረ። መርዶ አልመጣም፤ ደህንነትም አልመጣም። ሐዲጃ ተነሥታ የቤቱን ስልክ ከነገመዱ ከመደርደሪያው አወረደችና አጠገቧ አስቀምጣ ቁጭ አለች፤ ቀሚሷንም አልለወጠችም።

በላቸው ሱቁን የሚከፍተው ሦስት ሰዓት ላይ ነው። ሒክማ ደጁ ላይ ቆማ ጠበቀችው። ቁጥሩን ሞላች፤ ስድስቱንም፣ እያንዳንዱን ሁለት ጊዜ እያየች። ቀዩ ጽሑፍ ጠፋና አረንጓዴ መጣ፦ አድራሻሽ ተረጋግጧል። ለወራት የጓጓችለት ደስታ መጣ፤ እውነቷን ነው፣ መጣ፤ አንድ ትንፋሽ ያህል ቆየና ሄደ። ምክንያቱም ከአረንጓዴው ሥር የገጾቹ ዝርዝር አለ፤ ከሁሉ በላይ «ስልክሽን ስጪኝ»። በዚህ ወር ብቻ ሺህ አንድ መቶ አርባ ጊዜ ተነብቧል። ከጅዳ ስንቱ? ይህንንም ይቆጥርላታል፤ ሁለት መቶ ስድሳ። የጻፈችበትን ቀን አየች፤ ከፈህሚያ የመጨረሻ ስልክ አሥር ቀን ቀደም ብሎ ነው። የእኅቴ እመቤት አላነበበችውም ይሆናል፣ አለች። አንብባውም ይሆናል። ሁለት መቶ ስድሳ ቤት ውስጥ ግን አንዲት ሴት ከገጹ ላይ እያነበበች እጇን ዘርግታለች፤ ቃሉን ያስጠናኋት እኔ ነኝ። አፏን በጥቁሩ ሻሽ ያዘች።

ልታጠፋው ጣቷን አነሣች። ቆይታ ግን አወረደችው። ብታጠፋው ሌላ ቦታ ሄደው ይፈልጉታል። የዐረብኛውን ርእስ እንዳለ ተወችው፤ የዐረብኛውንም ትርጉም አልነካችም። ከሥሩ ያለውን፣ እመቤቶቹ ሳይገባቸው ጮክ ብለው የሚያነቡትን አማርኛ ብቻ አጠፋችና በዐረብኛ ፊደል፣ አናባቢውን አንድ በአንድ እየለየች፣ ሌላ ጻፈች። አንድ ቀን አንዷ ትነቃለች፤ ለሌሎቹ ትነግራለች፤ እመቤቶቹ ይሄዳሉ፤ ማስታወቂያውም ከእነሱ ጋር ይሄዳል። ፓስፖርቱ ሣጥን ውስጥ ነው። ይህን ሁሉ እያወቀች ጻፈችው። ከዚያም በትክክል ይነበብ እንደ ሆነ ለማየት እንደ እነሱ፣ ቃሉ እንዳልገባው ሰው፣ ፊደል በፊደል ጮክ ብላ አነበበችው።

«ነይ። ለእናትሽ ደውዪ። ስልኩ ያውልሽ።»

በላቸው ይህን ሰምቶ ከጠረጴዛው ቀና አለና የሱቁን ስልክ ወደ እሷ ገፋላት።